ከአልጋ ሥር የተቀመጠው እንቁላል

በጃንሆይ ዘመን፣ ከሰባተኛ ወረድ ብሎ፣ ክርና ቁልፍ እቸረችር ነበር። ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ለልጄ እንቁላል እቀቅላለሁ፣ ወተት አፈላለሁ፤ ምን አለሽ ተራ ባሠራሁት ባለ ክዳን ቆርቆሮ አስቀምጬላት እወጣለሁ። ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። የምትጠብቃት የባሌ ታላቅ እህት ናት። ስለ ባሌ አልጽፍም። እሷን ያኔ አንቱ እላት ነበር፤ ዛሬ አልልም።

ቆርቆሮው ማታ ባዶ ነው። ልጄ ግን ሁዳዴ ከገባ ወዲህ መነመነች፤ አንገቷ ራሷን መሸከም አቃተው። ጎረቤቱ ሁሉ "ቡዳ በልቷት ነው" ይለኛል። ቤቱም ይሸታል። የሞተ አይጥ መስሎኝ ወለሉን ደጋግሜ አጠብኩ።

አንድ ቀን ዝናብ ተራችንን አጥለቀለቀውና በጊዜ ገባሁ። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ የባሌ እህት እህል መቅመሷ ነበር። እንጀራ በሽሮ አፏን ሞልታ ታላምጣለች። ለጥርስ ሕመም ብላ በበሰበሰ መንጋጋዋ የወተፈችው ነጭ ሽንኩርትም አብሮ ይፈጫል። ከዚያ በጣቷ ዛቅ አድርጋ፣ ምራቋ እየተዝለገለገ፣ ልጄ አፍ ውስጥ ከተተችው። ልጄም እንደ ጫጩት አፏን ከፍታ ተቀበለች። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችማ!

"እንቁላሉስ፣ እትዬ?"

"በሁዳዴ? እንቁላል አላምጬ ጾሜን ልሻር?"

"ማን አላምጡ አለዎት? እሷ ሕፃን ናት፣ ጾም የለባትም!"

"እሷማ የለባትም፣ እኔ አለብኝ እንጂ። ሳላላምጥ ሰጥቻት አንቋት ብትሞትስ?"

"ወተቱስ? እሱም ይላመጣል?"

"ሙቀቱን ሳልቀምስ ጉሮሮዋን ላቃጥላት?"

"ታዲያ የት ገባ?"

"የእግዜር እህል ይጣላል እንዴ? ለፋሲካ አኑሬላታለሁ" አለች፤ እንደ ባለ ውለታ።

ሽታውን ተከትዬ ከአልጋዋ ሥር አንድ ማሰሮ ጎትቼ ከፈትኩ። ስንት ማለዳ የቀቀልኩት እንቁላል አረንጓዴ ለብሶ፣ በሻገተ ወተት ውስጥ ትሉ ይርመሰመሳል። ስንት ሌሊት በላዩ ላይ ተኝታለች!

ከማግስቱ ጀምሮ ልጄን ካርቶን ውስጥ አስቀምጬ ተራ አዋልኳት። አቧራ እየጠጣች፣ ተሸካሚው "ዞር በሉ!" እያለ እየጮኸባት፣ እንቁላሏን በጣቴ አፍርጬ አበላኋት። ለፋሲካ ጉንጯ ሞላ። የባሌ እህት ግን "ልጄን ነጠቀችኝ" ብላ ለዘመድ ሁሉ አለቀሰች፤ ዘመድም አመናት።

ስትሞት ተክለ ሃይማኖት ቀበርናት። ድንኳን ውስጥ "አንድም ቀን ጾም ሽራ አታውቅም" እያሉ ሲያነሷት ወደ እኔ ዞሩ።

"እውነት ነው" አልኩ፤ "እኔ ምስክር ነኝ።"

የዘገኑልኝን ንፍሮ ግን አልነካሁም።