ለስፌት መኪና የመሰከረው የጥርስ ሐኪም

የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኙ ሰው ወዳድ ነው። ሰላምታውን የሚጀምረው ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ነው፤ በሠፈሩ የማያውቀው ቢኖር ገና ያልተወለደ ብቻ ነው። ሥራ ግን ጠፋ። ድሮ ጠይቀው ይመጡ የነበሩ ሰዎች አሁን ጠጋኝ የሚፈልጉት ስልካቸው ላይ ነው። ነገሩ በወሩ መጨረሻ ካልተሻሻለ፣ ከቤቱ ጋር የተያያዘችውን ሱቁን ዘግቶ መጋዘን ሊጠብቅ ቃል ሰጥቷል። ሠላሳ ዓመት የሠራበትን እጁን ኪሱ ከትቶ መዋሉ ግን አልዋጥልህ ብሎታል።

ሴት ልጁ ድረ ገጽ ሠራችለት። ሌሎች ድረ ገጾች ወደ እሱ የሚወስድ ሊንክ ቢያስቀምጡ፣ ሰው ሲፈልግ ከፊት እንደሚወጣ ስትነግረው የቀረውን ለመስማት አልታገሠም። ወዳጅ መች ቸግሮት። ድረ ገጽ ያለውን ሁሉ፣ ፀጉር አስተካካዩን፣ ጎማ ሻጩን፣ የጥርስ ሐኪሙን ሳይቀር ዞሮ ለመነ። ማንም እምቢ አላለውም። በሳምንት አርባ ሊንክ ሰብስቦ እየተንጎራደደ ገባ። ድረ ገጹ ግን ከሦስተኛው የፍለጋ ገጽ ወደ ስምንተኛው ወረደ።

"አባዬ፣" አለችው ልጁ ሳቋን እየዋጠች፣ "ጥርሱን ሊያስነቅል የገባ ሰው የስፌት መኪና ምን ያደርግለታል? የሚታየው ስንት ሰው ጠቆመህ ብቻ አይደለም። የጠቆመህ ሰው ስለ ስፌት ያውቃል ወይ ነው።"

እያፈረ እንደገና ዞሮ፣ አንሡልኝ ሲል ለመነ። ከዚያ እሱ እየነገራት እሷ እየጻፈች፣ ክር ለምን እንደሚበጠስ፣ መኪናው ሲጮህ ምን እንደጎደለው፣ ሲያንኳኳ የቱ ብሎን እንደላላ አንድ በአንድ ድረ ገጹ ላይ አሰፈሩ። አንዲት የልብስ ስፌት አስተማሪ አነበበችውና ወደደችው፤ ለተማሪዎቿ ባዘጋጀችው ትምህርት ሥር ሊንኩን አስቀመጠች። አንድ የክር አስመጪና አንዲት የዩኒፎርም ሰፊም ተከተሏት። በቃ፣ ሦስት ብቻ። ወሩ ሳያልቅ ድረ ገጹ ከመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ ተቀመጠ።

በአዲሱ ወር የመጀመሪያ ቀን፣ አልመጣም ብሎ መጋዘኑ ድረስ ሄዶ ይቅርታ ሊጠይቅ ተነሣ። በሩን ሲከፍት ሦስት ሰዎች መኪናቸውን ታቅፈው ቆመዋል። ያን ጊዜ መጋዘኑንም ይቅርታውንም ረስቶ መፍቻውን አነሣ። ለመጋዘኑ አለቃ የደወለችለት ሚስቱ ናት።

"ባለቤቴ አይመጣም፣" አለችው። "ሥራ ይዟል።"

ስልኩ ከተዘጋም በኋላ ብቻዋን ቆማ "ሥራ ይዟል" አለች፤ ደስታው እንባዋን አመጣው።