ከሰኢድ የተቀበልኩት

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ሐይቅ ከተማ ትንሽ ትሳቅ ተብሎ ነው መሰል፣ ሁለት ሁለት ሆነን የምንወዳደርበት ቅብብል ተዘጋጀ። አንዱ በሳይክል ቀይ ጨርቅ ይዞ ይመጣል፤ ሌላው ጨርቁን ተቀብሎ ሐይቁ ውስጥ ይዋኛል። ሽልማቱ ሙክት ስለሆነ እኔ በሐሳቤ ጥብሱን ጀምሬዋለሁ።

አጣማሪዬ ከሳውዲ የተመለሰው ጎረቤቴ ሰኢድ ነው። «ሰኢድ እየመራ ነው!» ሲባል በቁምጣ ብቻ ውሃው ዳር ቆሜ እየተንቀጠቀጥኩ ጠበቅኩት። እሱም አልመጣ፣ ሌሎቹም አልመጡ። ቢጨንቀኝ ወደ አስፋልቱ ሮጥኩ።

ሳይክሎቹ ሁሉ መንገድ ዳር ተጋድመዋል። ተወዳዳሪዎቹ ቀብር አጋጥሟቸው ሸኚ ሆነዋል። ሰኢድ እዚያም እየመራ ነው፤ ቃሬዛውን ከፊት ተሸክሟል።

«ኧረ ውድድሩስ?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ጀናዛ ዝም ተብሎ ይታለፋል እንዴ? በል ተቀበለኝ!» ብሎ ቃሬዛውን ትከሻዬ ላይ አሳረፈው።

ለቀስተኛው ሁሉ ጭኔን ያያል። አንድ ሽማግሌ «አስተግፊሩላህ!» እያሉ የትከሻቸውን ፎጣ ወገቤ ላይ ጠመጠሙልኝ። ቀና ስል ሰኢድ ሳይክሉ ላይ ወጥቷል።

«አብሽር! ዋናውንም እኔው እጨርሰዋለሁ!» እያለ ወደ ሐይቁ በረረ።

ቃሬዛ ጥዬ አልሮጥ ነገር! ሰኢድ እኮ ዋና አይችልም።