ጋሼ ነገ ቃል ሲመርጥ

ሰፈርተኛው «ጋሼ ነገ» ይለዋል። ልብስ ሰፊ ነው፤ እጁ የተባረከ፣ ቀጠሮው ግን የማይታመን። ደንበኛ በሩ ላይ ብቅ ሲል ገና መቀስ ያልነካውን ጨርቅ በክንዱ ሸፈን ያደርግና «ደርሷል እኮ! ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው፤ ነገ ብቅ በል» ይላል። ክፋት ኖሮበት አይደለም። የሰው ፊት ሲጠቁር ማየት አይሆንለትም። ሰዉም አመሉን ስለለመደ ለቅዳሜ የሚፈልገውን ልብስ «ለማክሰኞ ነው» እያለ ይሰጠዋል።

ክፋቱ፣ ይህችኑ «ደርሷል» ለገዛ ልጁም መናገሩ ነው። ልጅቱ ባሕር ተሻግራ፣ ስፓኒሽ ከሚናገር አገር ባል አግብታ ትኖራለች። እናቷ ካረፈች ወዲህ «አባባ፣ ብቻህን ምን ትሠራለህ? ና ከእኛ ጋር ኑር» ስትለው ሁለት ጊዜ «ደርሻለሁ ልጄ፤ መነሣት ብቻ ነው የቀረኝ» አላት፤ ሁለት ጊዜም ቀረ። በሁለተኛው አልተቆጣችም። «እሺ አባባ» ብላ ዝም አለች። ብትቆጣው ይሻለው ነበር፤ ያ ዝምታ አንጀቱን በላው።

አሁን ደግሞ የባሏ እናት በነገሩ ገቡበት። ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው፤ ቤታቸው ሰፊ ነውና አንድ ክፍል ሊለቁለት አስበዋል። ከስፓኒሽ ሌላ ቋንቋ አያውቁም። «እሑድ በስልክ ራሴ እጠይቀዋለሁ፤ እሱም በራሱ አፍ ይመልስልኝ» ብለዋል። እንግዲህ ዛሬም ደርሻለሁ ብሎ ቢቀር፣ ልጁን በአማቷ ፊት አንገት ማስደፋት ነው።

ይህንን ሲያብሰለስል ካፖርታቸውን የሚጠብቁት ጡረተኛ የስፓኒሽ መምህርት ገቡ።

«ካፖርቴስ?»

«ደርሷል መምህር! እጅጌው ብቻ...»

«እጅጌ ሳይኖረው የደረሰ ካፖርት ዛሬ ገና መስማቴ ነው።»

«ይልቅ ካፖርቱን ይተዉትና አንድ ነገር ያስተምሩኝ። በስፓኒሽ ‹ደርሻለሁ› እንዴት ይባላል?» አለና ጭንቀቱን ዘርግፎ ነገራቸው።

መምህርቷ መነጽራቸውን አውልቀው በርጩማው ላይ ተደላደሉ። «እንዲህ በአንድ ቃል አይሆንም። ‹ሊስቶ› አለ፤ ሻንጣህ ተቆልፏል፣ ጫማህ ታስሯል፣ በሩ ላይ ቆመሃል፤ የቀረህ መውጣት ብቻ ነው። ‹ፕሬፓራዶ› ደግሞ የተሰናዳ ሰው ነው፤ የሚመጣውን አስቀድሞ አስቦ፣ ተምሮ፣ ራሱን ያዘጋጀ። ‹ዲስፑዌስቶ› የምንለው ልብን ነው። እሺ ብያለሁ፣ ፈቃዴ ነው ማለት ነው፤ ሻንጣህ ባዶ ቢሆንም።»

«የመጀመሪያው አጠር ብሎ ለአፍም ይቀላል።»

«ውሸትም ለአፍ ይቀላል» አሉና ሳቁ። «የትኛው እንደሚሆንህ እኔ አልነግርህም፤ አንተው ራስህን ለካ። ካፖርቴን ግን እንዳትረሳ!»

ቤቱ ሲገባ ዓይኑ ቁም ሳጥኑ ላይ አረፈ። ሻንጣው እዚያው ላይ አቧራ ጠጥቶ ተጋድሟል። ቁም ሳጥኑ ውስጥ የሚስቱ ቀሚሶች እንደተሰቀሉ ናቸው፤ ለማን እንደሚሰጣቸው እንኳ አልቆረጠም። ‹ሊስቶ› አይደለም። ፕሬፓራዶም እንዳይል፣ ከዚያ አገር ቋንቋ የሚያውቀው «እንደምን አደሩ»ን ብቻ ነው፤ እሱንም ምሽት ላይ ይለዋል።

ፈቃዱስ? አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ልጁ ሕፃን ሳለች ከስፌት መኪናው ሥር፣ የጨርቅ ቁርጥራጭ ላይ ተኝታ ታንኮራፋ ነበር። የመርገጫውን ድምፅ ሲያቆም ትነቃለች፤ እሷ እንዳትነቃ ሲል ያለ ሥራ እየረገጠ ያመሸበት ጊዜ ነበር። ይህ ትዝ ሲለው፣ መሄድ እንደሚፈልግ ያን ጊዜ አወቀ። እስካሁን የቀረው ጠልቶ ሳይሆን ፈርቶ ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጠራ። በስልኩ መስታወት ላይ ልጁና ሽበታም ሴት ጎን ለጎን ታዩ። ሴትየዋ ቃሉን እየለዩ፣ ቀስ ብለው ጠየቁት። ከሁሉ መካከል «ሊስቶ» የምትለዋን ለይቶ ሰማ። ራሱን ነቅነቅ ቢያደርግ ነገሩ ያበቃ ነበር፤ አንገቱም ከልማዱ የተነሳ ሊነቀነቅ ቃጣው።

«ሊስቶ... ኖ» አለ።

ልጅቱ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች።

«ዲስፑዌስቶ፣ ሲ! አዎ!» አለና ወደ ልጁ ዞረ። «ንገሪልኝ፤ ሻንጣዬን አላወረድኩም፣ የእናትሽን ልብስም አላነሳሁም። እፈራለሁም። ግን ልቤ እሺ ብሏል። ዘንድሮ እመጣለሁ። ገና ሳልደርስ ደርሻለሁ አልልሽም።»

አባቷ «አልደረሰም» ሲል ሰምታ አታውቅም። አፏን በእጇ ያዘች፤ ትተርጉም ወይስ ታልቅስ ጨነቃት፤ በመጨረሻ ሁለቱንም አንድ ላይ አደረገችው።

ሴትየዋ ሰምተው ሲጨርሱ ከት ብለው ሳቁና ስልኩን ይዘው ተነሡ። አንድ ክፍል ታየ፤ ግማሹ ግድግዳ ቀለም የተቀባ፣ ግማሹ ገና፣ መሰላል የተገተረበት፣ ፍራሹ ከነላስቲኩ የቆመበት።

«እኔም ገና ነኝ ይሉሃል አባባ» አለች ልጅቱ እንባዋን እየጠረገች። «ለኔ ግን ክፍሉ አልቋል ብለውኝ ነበር! ጉድ ነው፣ አንተኑ አገኘሁ እዚህም!»

ጋሼ ነገ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ክፍሉን እንደ ጨርቅ አገላብጦ አየው።

«መስኮቱ የጠዋት ፀሐይ ያገኛል ወይ በያቸው እስቲ። የስፌት መኪናዬን የት እንደማቆም ልወቅ።»

ሴትየዋ መሰላሉን በእግራቸው ገፋ አድርገው ወደ መስኮቱ ሄዱ።