ኤምሊንና ሄቪን በእንግሊዙ ጨዋታ ቀን

በእኛ የዌልስ ሸለቆ የራግቢ ክለብ ቡና ቤት ቢራ መቅዳት የጀመርኩት ባሌ ሲሞት ነው። ኤምሊንና ታናሽ ወንድሙ ሄቪን፣ ዌልስ በተጫወተች ቁጥር ቴሌቪዥኑ ፊት ካለችው ጠረጴዛ አይጠፉም ነበር። ሁለቱም ወጣትነታቸውን የጨረሱት ከሰል ጉድጓድ ውስጥ ነው። ጉድጓዱ ሲዘጋ ኤምሊን አውቶቡስ ነጂ ሆነ፤ ሄቪን ግን ሳንባው በከሰል ብናኝ ስለተጎዳ ብዙም ሳይሠራ ጡረታ ወጣ።

ኤምሊን ስለ ብሔራዊ ቡድናችን ጥሩ ነገር ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

“ሽንፈቱ የጀመረው ሜዳ ላይ አይደለም፣ እዚሁ መንደር ነው” ይላል። “ድሮ እያንዳንዱ መንደር አሥራ አምስት ሰው ያሰልፍ ነበር። አሁን ሦስት መንደር ተሰብስቦ አንድ ቡድን አይሞላም። ታዲያ ተጫዋች ከየት ይምጣ? ካርዲፍ ከተማ ዛፍ ላይ ይበቅላል?”

ሄቪን ይህን መስማት አይወድም። “ሲያሸንፉማ ማንም ይደግፋቸዋል። ሰው የሚያስፈልጋቸው አሁን ነው” ይለዋል።

“ሰው ሳይሆን ኳስ የሚይዝ እጅ ነው የሚያስፈልጋቸው።”

እንዲህ እየተነካከሱ የጨዋታውን ሰማንያ ደቂቃ ይጨርሳሉ፤ ከዚያ ተደጋግፈው ዳገቱን ይወጣሉ።

በዚያ ዓመት ሽንፈቱ አላባራ አለ። ሰው የቡድኑን ቀይ ማሊያ ከካፖርቱ ሥር ደብቆ መልበስ ጀመረ። መጋቢት ላይ እንግሊዞች ካርዲፍ መጡ፤ የቀረው ቢቀር ይህ ጨዋታ አይቀርብንም ብለን ቡና ቤቱን ሞላነው። ተጫዋቾቹ ለእረፍት ሲወጡ መሸነፋችን ታውቆ ነበር። እንደ ልማዳችን አንድ ሰው እንኳ አልዘፈነም። ኤምሊን ተነስቶ ካፖርቱን ለበሰ።

“ወዴት?” አለው ሄቪን።

“ወደ ቤቴ። ይሄን የማይበት ዓይን የለኝም።”

“ገና ግማሹ ይቀራል እኮ። ተቀመጥ።”

“ምን ልሆን? እዚያ ላይ ከረባት ያሰሩት የቡድኑ አለቆች ይዩት። እኔ በቃኝ።”

ሄቪን እያሳለው ሳቀ። “አንተ እንደሆንክ ሲከፋ ጥለህ መሄድ ታውቅበታለህ። ያኔም አውቀህበት ነበር፣ አድማ ሰባሪ።”

ቤቱ ሁሉ ዞሮ አያቸው።

ያኔ ያለው የታላቁን አድማ ጊዜ ነው። የከሰል ሠራተኛው ዓመት ሙሉ ሥራ አቁሞ ሲራብ፣ ሄቪን እስከ መጨረሻው ቀን ጸንቷል። ኤምሊን ግን አድማው ሊያበቃ ትንሽ ሲቀረው፣ በፖሊስ ታጅበው ወደ ጉድጓዱ ከተመለሱት ጥቂቶች አንዱ ነበር። በዚህ ነገር አባትና ልጅ እስከ ሞት ሳይነጋገሩ የቀሩበት ቤት አለ። ሄቪን ግን አርባ ዓመት ሙሉ ያቺን ቃል ለወንድሙ ተናግሯት አያውቅም። በአንድ ጠረጴዛ ያስቀመጣቸው ራግቢ ነበር፤ ስለ ቡድኑ እስከተጨቃጨቁ ድረስ ስለ ሌላው ማውራት አያስፈልጋቸውም።

ኤምሊን ግማሽ የቀረውን ብርጭቆውን አምጥቶ ፊቴ አስቀመጠና “ደህና እደሪ” ብሎኝ ወጣ። ገና ከሰዓት ነበር።

የተረሳው ነገር ከዚያ ወዲያ እንደገና ተወራ። አንዱ ሽማግሌ “ለካ ከማን ጋር ስጠጣ ኖሬያለሁ” ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። ሌላው መንገድ ላይ ኤምሊንን አይቶ ተሻገረ። ኤምሊን ወደ ክለቡ መምጣት ተወ። ሄቪን ብቻውን እየመጣ ይቀመጥ ነበር፤ ቡድኑን የሚሰድብለት ሲያጣ እሱም ደጋፊነቱ ቀዘቀዘ።

ኅዳር ላይ ሄቪን ከኦክስጅን ቱቦ ጋር አልጋ ያዘ። ሚስቱ ማርጌድ ኤምሊን ቤት ሄዳ፣ “የሚጮህበት ሰው አጥቷል። ና” አለችው። ተከትሏት መጣ። ከዚህ በኋላ ያለውን የነገረችኝ እሷ ናት።

ቀኑ ከደቡብ አፍሪካ ጋር የምንጫወትበት ነበር። ኤምሊን አልጋው አጠገብ ተቀመጠ። ብዙ ሳይቆይ መሸነፋችን ታወቀ።

“አልተሳደብክም” አለው ሄቪን።

“ምን ይሰደባል?”

ኤምሊን ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሳ ተናገረ። “ያኔ በአድማው ልጄ ሳንባዋ ታሞ ነበር። ከሰል አውጪ ሆኜ ቤቴ የሚነድ ከሰል አልነበረም።”

“አውቃለሁ። ያኔም አውቅ ነበር።”

“ታዲያ ለምን አድማ ሰባሪ አልከኝ?”

ሄቪን ትንፋሹን እስኪሰበስብ ጊዜ ወሰደበት። “እየተሸነፍን ነበር። የምመታው ሰው ፈለግኩ።”

ይቅር በለኝም፣ ይቅር ብዬሃለሁም አልተባባሉም። ማርጌድ የበግ ሾርባ አቀረበች፤ ኤምሊን ሳህኑን ይዞ ወንድሙን በማንኪያ አጎረሰው።

ሄቪን በጥር ሞተ። ዝናብ እየዘነበ ቀበርነው። ከቀብር በኋላ ወንዶቹ ለማርጌድ እጃቸውን እየዘረጉ አለፉ፤ ከጎኗ የቆመውን ኤምሊንን ሳይጨብጡ ያለፉ ነበሩ። ሄቪን የተናገራትን ቃል መልሶ ሊወስዳት የሚችለው እሱ ብቻ ነበር፤ በሕዝብ ፊት ሳይወስዳት ሄደ።

የካቲት ላይ፣ ዌልስ በምትጫወትበት ቀን፣ ወደ ማታ ሥራዬ ስወርድ በኤምሊን ቤት በኩል አለፍኩ። በመስኮቱ ቴሌቪዥኑ ሲብለጨለጭ አይቼ አንኳኳሁ። ከፈተልኝ። ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚያየው።

“ምነው ድምፁን?”

“አስተያየት ሰጪው ተስፋ አላቸው ይላል። አልፈልግም።”

የሥራ ሰዓቴ ገና ነበርና አብሬው ተቀመጥኩ። “አሥር ቁጥር የለበሰው ልጅ ጥሩ እጅ አለው” አለኝ። “ግን ፊት ያሉት ተጫዋቾች እየተገፉ ኳስ አይደርሰውም። ዓመት ሳይሞላ ልጁን ከቡድኑ ይጥሉታል፤ ጥፋቱ የሱ ይመስል።”

ተሸነፍን። ተነስቶ ኩባያዎቹን አጠበ።

“ለሚቀጥለው ጨዋታ ክለቡ ና” አልኩት።

“ማን አጠገብ ልቀመጥ?” አለኝ ጀርባውን እንደሰጠኝ።

ኮቴን ለብሼ ወደ ሥራዬ ወረድኩ። ቡና ቤቱ ግማሹ፣ የወንድማማቾቹም ጠረጴዛ፣ ባዶ ነበር፤ የመጡትም ስለ አሠልጣኙ ይጨቃጨቁ ነበር።