የጋሽ በዳሳ ባሕር

ዛሬ ጠዋት ጋሽ በዳሳ ባሕሩን ከግድግዳው ላይ አወረዱት።

ጋሽ በዳሳ አሰላ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ፎቶ ያነሱ ሰው ናቸው። ባሕሩ ደግሞ ደንበኛ ከፊቱ የሚያቆሙበት መጋረጃ ነው፤ ሁለት አቡጀዲ አጋጥመው ሰፍተው በእጃቸው የሳሉት። በወጣትነታቸው ለውትድርና አሰብ ደርሰው ነበር። ባሕሩን ያዩት ቀን ደመና ስለነበር ደመናውን ሳሉት። አመድ የመሰለ ውሃ፣ ዝቅ ያለ ሰማይ፣ እርጥብ አሸዋ... ሌላ ነገር የለበትም። ሌላው ፎቶ ቤት ዘንባባና ፀሐይ ነበረው። «ጋሼ፣ ትንሽ ፀሐይ ቢጨምሩበትስ?» ሲሏቸው፣ «ፀሐይ ካማረህ ውጭ ቆመህ ተነሳ» ይሉ ነበር።

ባለፈው እሑድ ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች ጠሩኝ። ልጃቸው ታምሩ በደላላ ወደ ሳዑዲ ከወጣ አምስተኛ ወሩ ነው። አንድም ቀን ድምፁን አልሰሙም። ደላላው ግን ከሁለት ወር በፊት በስልክ ፎቶውን ልኮላቸዋል፤ «ባሕሩን ተሻግሯል፣ ይኸው» ብሎ። እሳቸውም አሳጥበው በመስታወት አሠርተውታል።

«ና እስቲ እይልኝ» አሉኝ። «አልከሳም አይደል?»

ታምሩ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ቆሟል። ከኋላው ደመና የተጫነው ባሕር ነው። ውሃው መሀል ላይ ከግራ እስከ ቀኝ ቀጥ ያለ ስፌት ያልፋል...

«አልከሳም» አልኳቸው።

«ተመስገን! ትዕግሥትንም ዓርብ ልሸኛት ነው። ሰውየው ያው ነው፤ ወንድሟን ያሻገረ እሷን አያቅተውም።»

ትዕግሥት የታምሩ ታናሽ እህት ናት። ሌላ ልጅ የላቸውም።

እትዬ ዘነበች አቦምሳ አድገው በትዳር ነው አሰላ የመጡት፤ የጋሽ በዳሳን ፎቶ ቤት ላያውቁት ይችላሉ። ቢያውቁትም ያዩት ልጃቸውን ነው እንጂ ከኋላው ያለውን አይደለም።

ሰኞ ጋሽ በዳሳ ዘንድ ሄድኩ። ፎቶውን በስልኬ አንስቼው ስለነበር አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አጥልቀው ረጅም ጊዜ አዩት።

«የእኔ ነው» አሉ።

«ልጁን ያስታውሱታል?»

«አምስት ነበሩ። አንድ ሰውዬ ይዟቸው መጣ። የመንገድ ማስታወሻ ነው አለኝ። አንዷን ነጭ ሸሚዝ እየተቀባበሉ ለበሷት... እየሳቁ።»

«የሌሎቹን ስም ያውቃሉ?»

«ማን ስም ይጠይቃል፣ አቦ!» አሉና ወደ መጋረጃው ዞሩ። «ዘንባባና ፀሐይ ብስልበት ኖሮ ማን ያምነው ነበር?» አሉ።

ከዚያ ወጥቼ ትዕግሥትን ፈለግኳት። እናቷ ሳይሰሙ እሷ ብታውቅ በራሷ ትቀራለች ብዬ ነው። ገበያ መግቢያው ላይ አገኘኋትና ጀመርኩላት። አላስጨረሰችኝም።

«ስፌቱን አይቼዋለሁ፣ ጋሼ።»

«መቼ?»

«ፎቶው የመጣ ቀን። የስምንተኛ ክፍል ፎቶዬን እዚያው አይደል የተነሳሁት?»

«እያወቅሽ ልትሄጂ ነው?»

«ዲግሪዬን ይዤ ሦስት ዓመት ቤት ተቀመጥኩ። አራተኛውን ልጨምር?» አለች። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ቢያንስ የት እንደቀረ የሚነግረኝ ሰው አገኝ ይሆናል። ለእማዬ ግን እንዳትነግራት። በዚያ ፎቶ ነው ውላ የምታድረው» አለችኝ።



በእኛ አገር መርዶ አንድ ሰው ብድግ ብሎ የሚናገረው ነገር አይደለም። ስለዚህ ትናንት የእድራችንን ሦስት ሽማግሌዎች አገኘኋቸው። የመጀመሪያው አዳምጠው ሲያበቁ፣ «ሞቷል ነው የምትለን?» አሉኝ።

«አላውቅም። መሻገሩን ግን ያየ የለም።»

«ታዲያ ምን ብለን እናርዳቸው? ያየ ሰው ሳይመጣ፣ ሬሳ ሳይኖር ድንኳን አይተከልም።»

ሁለተኛው ተቆጡ። «ዝም ካልን እኮ ልጅቷም ትሄዳለች! እሷን ማስቀረት የሚችሉት እናቷ ብቻ ናቸው።»

«ከነገርናቸው ደግሞ እናትየው አይተርፉም። ልባቸው ደካማ መሆኑን አታውቅም?» አሉ የመጀመሪያው።

ሦስተኛው ሽማግሌ እስከ መጨረሻው አንድ ቃል አልተናገሩም። ሲነሱ ብቻ፣ «አንድ ቀን ላስብበት» አሉ። ሁለቱም የእሳቸውን ቃል እንደሚቀበሉ ተስማምተን ተለያየን።

ነገ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንገናኛለን። የትዕግሥት መኪና ዓርብ ጎህ ሳይቀድ ይነሳል።