ለስብከት የሚሆን ነገር

እህቴ ባሏ ነገረ መለኮት ሲማር ቤቱን ያቆመችው በሸሚዝ ኮሌታ ነው። ሸሚዝ በሚሰፋበት ፋብሪካ ውስጥ ሌላ ሥራ የላትም፤ ኮሌታ ትሰፋለች፣ ትገለብጣለች፣ ጫፉን በመርፌ ስባ ታወጣለች፣ ለሚቀጥለው ሰው ታቀብላለች። ማታ ስትመጣ የገዛ ቁልፏን መፍታት እስኪያቅታት ጣቶቿ ይደነዝዛሉ። እኔ ታላቋ ነኝ። ዳቦ መጋገሪያ የጠዋት ፈረቃ ስለምሠራ ከሰዓት በኋላ ልጆቿን የምይዘው እኔ ነኝ፤ የምናገረውን በዓይኔ አይቼ ነው የምናገረው። ንዴት ለሁለታችን ሲታደል ደግሞ የእሷንም ድርሻ እኔ ሳልወስደው አልቀረሁም።

የሚኖሩት በኮሌጁ ግቢ፣ ባለትዳር ተማሪዎች በሚያድሩበት ሕንፃ፣ በመጋረጃ ለሁለት በተከፈለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ከመጋረጃው ወዲህ የእነሱ አልጋና የእሱ የመጻሕፍት ጠረጴዛ፣ ወዲያ የልጆቹ ፍራሽ። ቧንቧው ለፎቁ ሁሉ አንድ ነው። ልጆቹ ሁለት ናቸው፤ የስድስት ዓመቷ ሚጣና ገና መራመድ የጀመረው ድንቡሼ። አባትየውን እኔ «ሰባኪው» እለዋለሁ። ሲጀመር በፍቅር ነበር የምለው።

ክፉ ሰው አይደለም፤ እውነቱን እንነጋገር። አይጠጣም፣ እጁን አያነሳም፣ ሰሃን ያጥባል። ጣጣው የመጣው የስብከት መምህራቸው፣ «ስብከታችሁ ከቤታችሁ ይጀምር፤ ሰው ጆሮ የሚሰጠው ለኑሮ ነው» ያላቸው ዕለት ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከተማሪዎቹ አንዱ በኮሌጁ ጸሎት ቤት ይሰብካል፤ ቤተሰብም ይገባል። የሰባኪው ተራ መጀመሪያ ሲደርስ፣ ድንቡሼ የእናቱን ጫማ ሽንት ቤት ውስጥ የከተተበትን ታሪክ አወራ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን አውቄ!

ከዚያ ወዲያ ያ ቤት ቤት መሆኑ ቀረ። እህቴ ድስት ካሳረረች ስለ ትዕግሥት ይሰበካል። ባልና ሚስት በሳሙና ከተነታረኩ ስለ ይቅርታ ይሰበካል። ድንቡሼ ሲወድቅ እንኳ፣ ሰባኪው ልጁን ከማንሳቱ በፊት ዓይኑ ለአፍታ ራቅ ይላል። ያንን ዓይን አውቀዋለሁ፤ ገበያ ላይ ዕቃ የሚመርጥ ሰው ዓይን ነው።

ሚጣ ወደዚያ ሕንፃ ከገቡ ወዲህ አልጋ ላይ መሽናት ጀምራ ነበር። ቤት የቀየረ ልጅ የሚያደርገው ነው፤ እህቴ ጠዋት ድምፅ ሳታሰማ አንሶላውን ትቀይራለች፣ በቃ። ከእነሱ ሌላ ይህን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ ሐሙስ ሰባኪው መድረክ ላይ ቆመና፣ «ልጄ አልጋዋን ታረጥባለች። እኛም በየጠዋቱ ሳንቆጣ አንሶላ እንቀይርላታለን። የእግዚአብሔር ምሕረትም እንዲሁ ነው» አለ። ሴቶች አለቀሱ። መምህሩ ራሱ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ሚጣ እናቷ አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ የሕንፃው ልጆች ሁሉ ደግሞ ከኋላዋ።

በማግስቱ ቧንቧው ጋ ከበዋት «ሽንታም! ሽንታም!» ሲሏት ደረስኩ። እነሱን አባርሬ፣ ደሜ እንደፈላ ሰባኪውን ደረጃው ላይ አቆምኩት።

«አንተ፣ የልጅህን ገመና ለሰው ትዘራለህ?»

«እትዬ፣ በስሟ እኮ አልጠራኋትም።»

«ስንት ሴት ልጅ አለህ?»

«ግን እትዬ፣ ሰው እኮ ተነካ» አለኝ። እህቴ ደግሞ፣ «ተይው በናትሽ፤ ዘንድሮ ይጨርሳል። ስንመረቅ ሁሉም ያልፋል» ትለኛለች። ስንመረቅ! እሷ የምትመረቀው በምን ይሆን? በኮሌታ?

ሚጣ የራሷን መላ አገኘች፤ መናገር አቆመች። ከእኔ ጋር ስትሆን ምላሷ አያርፍም፤ የአባቷ ኮቴ ኮሪደሩ ላይ ሲሰማ ግን ጸጥ። «ዛሬ ምን ተማርሽ፣ የኔ ቆንጆ?» ሲላት «ምንም» ነው መልሷ። «ማን አስቀየመሽ?» ሲላት «ማንም» ነው። አብረው ሲጸልዩ እንኳ፣ በፊት ለአሻንጉሊቷ ሳይቀር የምትለምነው ልጅ አሁን «አሜን» ብቻ ትላለች። እህቴ የፈራችው ይህንን ነው፤ ልጅቷ አባት እያላት አባት እንዳታጣ። ለእኔ አልቅሳ ነግራኛለች። ለእሱ ለመንገር ግን መምህራኑ የሚፈትኑት የመመረቂያ ስብከት እስኪያልፍ ልትጠብቅ አሰበች።

የመመረቂያው ስብከት ሳምንት ላይ፣ እህቴ የሚጣን ትራስ ስታነሳ መግል አየችበት። የልጅቷ ግንባር እሳት ሆኗል። ተሸክመናት ክሊኒክ ሮጥን። ሰባኪው ቤተ መጻሕፍት ነበር፤ ስብከቱን እያዘጋጀ። ሐኪሟ ጆሮዋን በመብራት ካየች በኋላ እኛ ላይ ተቆጣች፤ ታምቡሩ ተቀዷል፣ በዚህ ጆሮ መስማቷ ሊቀንስ ይችላል፣ ልጅ እንዲህ ሲያማት እስካሁን የት ነበራችሁ?

«ለምን አልነገርሽኝም፣ እናቴ?» አለቻት እህቴ።

«ለአባቢ ትነግሪዋለሽ።»

«ብነግረውስ?»

«ይሰብከዋል።»

ሐኪሟ ምንም አልገባትም። እኛ ገብቶናል። እህቴ መድኃኒቱን ተቀብላ ልጇን አቅፋ ወጣች።

የዚያን ዕለት አመሻሹ ላይ ሁሉንም ነገረችው። ሚጣ ጆሮዋ ውስጥ ጥጥ ተደርጎላት፣ በላዩ ሻርፕ ታስሮላት፣ ከመጋረጃው ወዲያ ተኝታለች። ሰባኪው ወለሉ ላይ ተንበርክኮ፣ «በድያችኋለሁ፣ በድያችኋለሁ» እያለ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ለቅሶው አንጀቴን በላው። «በቃ፣ ይኸው ሰው ሆነ» አልኩ በልቤ። ሞኝ!

የፈተናው ቀን ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጥን፤ ሚጣ በሻርፗ፣ ድንቡሼ እኔ ጭን ላይ። ፈታኞቹ መምህራን በጎን በኩል ተደርድረዋል። ሰባኪው የዕለቱን ክፍል አነበበ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን አስቀመጠ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ወገኖቼ፣ በዚህ ሳምንት እግዚአብሔር በገዛ ቤቴ አዋርዶኛል። ትንሿ ልጄ ጆሮዋን ታመመች። ሕመሟንም ከእኔ ከአባቷ ደበቀች። ለምን ይመስላችኋል?»

ለቅሶውንም ይዞት መጣ! ንስሐውን ራሱን! ከኋላችን አንዲት ሴት ገና ከአሁኑ መሐረብ ስታወጣ ሰማኋት። ሁለት ጣሳ ስድብ ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ልነሳ ስል እህቴ ቀደመችኝ። ያቺ «ተይው በናትሽ» የምትለው እህቴ፣ በሰው ሁሉ ፊት ብድግ አለች።

«የትኛው ጆሮዋ ነው?» አለች።

አልጮኸችም። ሰባኪው ወደ እሷ ዞረ። «እ?»

«የምትሰብከው ጆሮ። ቀኙ ነው ግራው?»

ከመምህራኑ አንዱ፣ «እህታችን፣ እባክዎ ይቀመጡ» አላት። አልተቀመጠችም። የጆሮዋን ጠብታ ስንጨምር የሰነበትነው እሷና እኔ ነን፤ እሱ ምን ብሎ እንደሚያዝን እየጻፈ አንድ ጊዜ እንኳ ሻርፑን ገልጦ አላየም። መድረኩ ላይ እንደቆመ አንገቱን አሰገገ፤ ከሻርፑ ሥር ጥጡ በየት በኩል እንዳለ ለማየት ልጁን ይመረምራት ጀመር።

ሚጣ አየችው። ሁለት እጆቿን አነሳችና ሁለቱንም ጆሮዎቿን ሸፈነች።