የአያ ሽፈራው መበየጃ

ሱቄ ውስጥ፣ ከመሥሪያ ጠረጴዛዬ ሥር ባለው መሳቢያ፣ ለማንም የማላውሰው አንድ መበየጃ አለ። ጫፉ መዳብ፣ እጀታው የወይራ እንጨት ነው። በኤሌክትሪክ አይሠራም፤ ፍም ውስጥ ተከቶ ሲግል እርሳስ የሚያቀልጥ የድሮ ዕቃ ነው። ተለማማጆቼ "ለሙዚየም አትሰጪውም?" እያሉ ይቀልዱብኛል፤ እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ። መሳቢያው በተከፈተ ቁጥር ግን የፍምና የቀለጠ እርሳስ ሽታ አፍንጫዬ ላይ ይመጣል። ከሽታው ጋር ደግሞ ለማንም ያልተናገርኩት ኀፍረት ይመጣል።

ልጅ እያለሁ ሰው የጣለውን ነገር ሳይ እጄን ይበላኝ ነበር። ያደግኩት ከዘመሮ ከተማ ብዙ በማይርቅ መንደር፣ ገብስ ከሚዘሩና በግ ከሚያረቡ ሰዎች መካከል ነው። እኩዮቼ ቅልልቦሽ ሲጫወቱ እኔ በየአጥሩ ሥር ያለቀ የባትሪ ድንጋይ እለቅማለሁ። ያን ጊዜ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ አልሆን ሲል በጥርስ ይነከሳል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚጣለው። ሁለት የደከሙ ድንጋዮች ሬዲዮ ማናገር ቢያቅታቸውም አራት አምስቱ ተሰልፈው እንደሚችሉ የደረስኩበት በማበላሸት ነው። የአጎቴን ሬዲዮ ስምንት ድንጋይ አስሬበት ጭስ አስተፋሁትና ሁለት ሳምንት ሙሉ ከዓይኑ ተሰወርኩ። ከዚያ ወዲህ በትንሽ የባትሪ አምፖል ሳልለካ የማንንም ሬዲዮ ነክቼ አላውቅም። አምፖሏ ከቀላች አንድ ድንጋይ እጨምራለሁ፤ በጣም ካበራች አንድ አወጣለሁ።

መጀመሪያ ጨዋታ ነበር። አባዬ ማታ ማታ ዜና የሚሰማበትን ሬዲዮ እንዲህ ሳናግርለት ለጎረቤት ሁሉ ያወራልኝ ነበር። "የኔ ልጅ የሞተ ታስነሳለች" ይላል፣ እየሳቀ። ከዚያ የድንበሩ ጦርነት መጣ። ከመንደራችን ብዙ ልጆች ዘምተው ስለነበር ሬዲዮ ያለው ሰው ሁሉ ጆሮውን ከሬዲዮው አይነቅልም፤ ድንጋዩም እንደዚያው ቶሎ ያልቃል። ሰዎች "እስቲ ለእኛም ሥሪልን" እያሉ መምጣት ጀመሩ። ከጣውላ ትንንሽ ሳጥን እሠራለሁ፣ ከዘይት ቆርቆሮ ቀጭን ቁራጭ እቆርጣለሁ፣ ድንጋዮቹን አሰልፍና ሁለት ሽቦ አወጣለታለሁ። እነሱ ደግሞ እንቁላል፣ አንዳንዴም የበግ ጠጉር ያመጣሉ። እማዬ ከዚያ ጠጉር ፈትላ ያሠራችው ባና አሁንም አልጋዬ ላይ አለ። በገበያ ቀን ከአጥር ጥግ ተቀምጬ ሳጥኖቼን ስደረድር አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ ኩራቴ ግን የነጋዴ ነበር።

ችግሩ ሳጥኖቹ በበቅሎ ተጭነው ቤት እስኪደርሱ ቆርቆሮው ይላቀቃል። ሰው ተመልሶ "ይኸው ዱዳ ሆነ" ሲለኝ ዓይኔን የማደርግበት አጣለሁ። ቆርቆሮን ከሽቦ ጋር በእርሳስ ማጣበቅ የሚያውቅ ደግሞ በአካባቢው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ማረሻና ማጭድ የሚሠሩት አያ ሽፈራው።

የአገሬን ነገር ለማያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት ያሳፍራል። አያ ሽፈራው ባለእጅ ነበሩ። ማረሻው ያለ እሳቸው አይሳልም፣ ማጭዱ ያለ እሳቸው አይቆርጥም፤ ግን ማንም ቤታቸው ገብቶ አይበላም፣ ልጁንም ለልጃቸው አይሰጥም። ቡዳ ናቸው ይባላል። ልጅ ሲታመም መጀመሪያ የሚነሳው የእሳቸው ስም ነው። ሽበታሙን ሰውዬ የስድስት ዓመት ልጅ እንኳ "አንተ ሽፈራው" ብሎ ይጠራቸው ነበር፤ እኔም እንደዚያው እጠራቸው ነበር።

አንድ ቀን የተላቀቀ ሳጥኔን ይዤ፣ ሰው እንዳያየኝ በጓሮ በኩል ዞሬ፣ ወደ ጎጇቸው ገባሁ። ሳጥኑን አገላብጠው አዩትና መጀመሪያ ያሉኝ "ማን አሳየሽ?" ነው። ማንም እንዳላሳየኝ ስነግራቸው ሳቅ አሉ። ከዚያ መበየጃውን ከፍሙ አውጥተው እርሳሱን ነካ ሲያደርጉት እንደ ውሃ ፈሰሰ፤ ቆርቆሮውና ሽቦው አንድ ሆኑ። ሦስት ወር ያህል እየተደበቅኩ ተመላለስኩ። ብረቱ መጋሉን ሳልነካው ማወቅን፣ ቆርቆሮውን አስቀድሞ በአሸዋ መፈተግን፣ ሲቀዘቅዝ እፍ አለማለትን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። "ችኩል እጅ ይቃጠላል" ይሉኝ ነበር። እዚያ ጎጆ ውስጥ ሳላስበው "እርስዎ" ማለት ጀመርኩ። ደጅ ስወጣ ግን ሰው ፊት ተመልሼ "አንተ" እላቸዋለሁ። እሳቸውም አንድ ቀን አልተቀየሙኝም፤ እንዲያውም እንደዚያ ማለቴን የፈለጉት ይመስለኛል። በመጨረሻ አንዷን መበየጃቸውን "ቤትሽ ሥሪ፣ እዚህ አትመላለሺ" ብለው ሰጡኝ። እኔ እንደ ስጦታ ቆጠርኩት። ለእኔ ፈርተው እንደነበር የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

ሳጥኖቼ ከዚያ ወዲህ መላቀቅ አቆሙ፤ ገበያዬም ደራ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ሰው የሚያወራውን ግን እኛ ቤት የሚያውቅ አልነበረም። ታላቅ እህቴ ጥሩወርቅ ታጭታ ነበር። ልጁን ወዳዋለች፤ ጥሎሹ እንኳ ተነጋግሮ አልቋል። ድንገት የልጁ ቤተሰቦች ቀኑን ገፉት፣ ከዚያ እንደገና ገፉት። ለካ "የልጅቱ እህት በእሳት ትሠራለች፣ ገበያ ተቀምጣ የእጇን ሥራ ትሸጣለች፣ ከባለእጁ ቤት አትጠፋም፤ አጥንታቸው ይጣራ" ተብሏል። ወሬው አባዬ ጆሮ ሲደርስ እህል መቅመስ አቃተው። የሞተ ታስነሳለች ሲለኝ የነበረ ሰው፣ ሳጥኖቼን ሲያይ ፊቱን ያዞር ጀመር። ጥሩወርቅ አልተቆጣችኝም። ማድጋዋን ይዛ ወደ ምንጭ ስትወርድ ከኋላዋ ሄጄ ስታለቅስ አየኋት፤ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሁለት የወንዱ ወገን ሽማግሌዎች መጡ። አባዬ እጄን ይዞ፣ ሳጥኔን እንደያዝኩ፣ ከእነሱ ጋር አያ ሽፈራው ማረሻ ወደሚሸጡበት ጥግ ወሰደኝ። ሰው ተሰበሰበ። ትልቁ ሽማግሌ በዱላቸው ወደ እኔ እያመለከቱ "ይህች ልጅ ቤትህ ትገባ ነበር? ይህን ነገር ያስተማርካት አንተ ነህ?" አሏቸው።

አያ ሽፈራው አዩኝ፤ ቀጥለው ሳጥኑን አዩት። የገዛ እርሳሳቸው ቆርቆሮው ላይ ያበራል። ዓይናቸውን ወደ መሬት መለሱና "የጨዋ ልጅ እኔ ዘንድ ምን ልትፈልግ ትመጣለች፣ ጌታዬ? አላውቃትም" አሉ።

"ማል።"

እኚህ ሰው በዓመት በዓል የሥራ እሳት የማያነዱ፣ ጾም የማይገድፉ ነበሩ። "ማርያምን፣ አላውቃትም" አሉ። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው "አንቺስ?" ሲሉኝ አንገቴን ግራና ቀኝ ነቀነቅኩ። ሽቦውንስ ማን አጣበቀልሽ ሲሉኝ ከተማ አሠራሁት አልኩ። ውሸቱ ሳይደናቀፍ ወጣ። አባዬ ረጅም ትንፋሽ ሲያወጣ ሰማሁ። ከሰዉ አንዱ "መቼስ ባለእጅ ምሎ ምን ይጎዳል" አለና ሰዉ ሳቀ። አያ ሽፈራው ማረሻቸውን ወደ መደርደር ተመለሱ።

ጥሩወርቅ ተዳረች። ዛሬ አራት ልጆቿን ሳይ ያ መሐላ ከንቱ አልሆነም እላለሁ፤ ግን ልቤ አይቀበለኝም። አባዬ ሳጥኖቼን አልሰበረም፤ "ተዪው ልጄ፣ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል" ብሎ ለመነኝ እንጂ። ተውኩት። ሬዲዮዎቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። መበየጃውን ግን አልመለስኩም፤ ለመመለስ እዚያ ጎጆ መታየት ነበረብኝ። አያ ሽፈራው በደጃችን ሲያልፉ ወደ ሌላ ያያሉ፤ እኔ ደግሞ ወደ ጓዳ እገባለሁ። ትምህርቴን ለመቀጠል ወደ ደብረ ብርሃን እስክሄድ እንዲህ ሆነን ኖርን።

ጊዜ ምን የማያሳየው አለ? ያ የተውኩት ሥራ ዛሬ እንጀራዬ ነው። ቴሌቪዥንና ሞባይል እጠግናለሁ። ደጄ ላይ ስሜ በትልቁ ተጽፏል፤ ደንበኞቼም "ኢንጂነር" ይሉኛል። ያው እጅ ነው፣ ያው እርሳስ ነው፣ ያው እሳት ነው። አምና ለጥሩወርቅ ልጅ ሠርግ አገሬ ስገባ ያ የገበያ ጥግ ተለውጧል። የቆርቆሮ ቤት ተሠርቶበት፣ በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ወጣቶች በርና መስኮት ይበይዱበታል። አብዛኞቹ የእነዚያ የጨዋዎቹ የልጅ ልጆች ናቸው። አያ ሽፈራው አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ አሁን አይሠሩም።

መበየጃውን ይዤ ሄጄ ነበር። ሰው በሞላበት፣ ጮክ ብዬ፣ "አያ ሽፈራው፣ እኔ አስካለ ነኝ። ይህን ሥራ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት" አልኳቸው። ብዙ ዓመት የተለማመድኩት ንግግር ነበር። ይቅርታም ልጨምርበት አስቤያለሁ። እሳቸው መበየጃውን ዳሰስ ዳሰስ አድርገው ለዩት፤ ፊታቸው በራ። ወዲያው ግን ግራና ቀኛቸውን አዩና የነጠላዬን ጫፍ ስበው መበየጃውን ሸፈኑት።

"ቀስ በይ ልጄ" አሉኝ፣ "ሰው ይሰማል።"

የሚሰማንስ አልነበረም። ወጣቶቹ ሥራቸው ላይ ናቸው፤ ማን ማንን እንዳስተማረ ዛሬ የሚጠይቅ የለም። ይህን ልነግራቸው ፈልጌ ተውኩትና ጉልበታቸውን ስሜ፣ መበየጃውን በነጠላዬ እንደተሸፈነ ይዤ ተነሳሁ። ያኔ የካድኳቸው ለራሴ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ዛሬም የሚፈሩት ለእኔ ነው።